ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ

አንድ እርሳስ ማታ የጀመረውን ቤት ሌላ እርሳስ ጠዋት ከጨረሰው፣ ቤቱ የማን ይባላል?

ፌንጣ ይህን ጥያቄ ራሷን የጠየቀችው በአጎቷ ቢሮ፣ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣ ሳለ ነው። መልሱን አላወቀችውም፤ እኛም ለጊዜው አናውቀውም። የምናውቀው፣ ልትሠራው በጀመረችው ድረ ገጽ ላይ ከአንድ ክሊኒክ ፎቶግራፍ ግርጌ «ንድፍ፦» የሚል ቃል ተጽፎ፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ መኖሩን ነው። ባዶው ቦታ ስም ይፈልጋል። ፌንጣ ደግሞ ባዶ ቦታ አይታ ዝም ብላ የምታልፍ ሰው አይደለችም።

ፌንጣ የተባለችው በልጅነቷ ነው። አንድ ወንበር ላይ ረግታ አትቀመጥም ነበርና አጎቷ ስም አወጣላት፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። አድጋም አልረጋችም። ሕንፃ ንድፍ ልትማር ሩቅ አገር ሄደች፤ ተምራ ስትጨርስ ከሕንፃው ወደ ድረ ገጽ ሥራ ዘለለች፤ አንድ ቢሮ ገብታ ወጣች፣ ሌላ ገብታ ወጣች፤ በመጨረሻ ሻንጣዋን እየጎተተች እናቷ በር ላይ ቆመች። ለምን መጣሽ ለሚላት አንድ መልስ አላት፤ መቼ ትመለሻለሽ ለሚላት ሌላ። ሁለቱንም ራሷ አታምናቸውም። ሶፋ ላይ ተጋድማ ጣሪያና ኮምፒውተር ስታይ መሰንበቷ ያሳሰባት እናቷ ለወንድሟ፣ ስሙን ላወጣው አጎት፣ ደወለች።

«ይቺ ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ ተጎልታ ነው የምትውለው» አለችው። «መጎለቷ ካልቀረ አንተ ጋ ትጎለት።»

ወንድምየው የሕንፃ ንድፍ ቢሮ አለው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያቃስት ሰው ነው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ሲሚንቶ ነጋዴው ሁሉ ጉማሬ ይለዋል፤ እሱም «አቤት» ይላል። ድረ ገጽ አሠራ እየተባለ ስንት ዘመን ሲለመን «ቤት የፈለገ ሰው በእግሩ ይምጣ፤ እኔ ሰው ኪስ ውስጥ አልገባም» ሲል የኖረ ሰው፣ አንድ ጠዋት ድንገት ሐሳቡን ለወጠና የእህቱን ልጅ አስጠራ።

«የሚያምር ሥሪልኝ» አላት። «በተለይ የድሮዎቹን ሥራዎች። አንድም እንዳይቀር።»

«ለምን አሁን ታሰበህ ጋሼ?»

«ጊዜው ነዋ» አለና ወደ እርሳሱ ተመለሰ።

ቢሮው ከአንድ መስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከታች የመስታወት ጭረት ይሰማል፤ አልፎ አልፎ አንዱ ይሰበርና የቆራጩ እርግማን በመስኮት ይገባል። የመውጫው ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ጉማሬ እየወጣ ከሆነ የሚወርድ ሰው እላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከክፍሉ መሀል ከአሮጌ የመጋዘን በር የተሠራ ሰፊ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ የመቀርቀሪያው ቀዳዳ ሳይቀር እስከ ዛሬ ይታያል። በአንዱ ወገን የጉማሬ እርሳሶች በጣሳ ተሰክተዋል። በሌላው ወገን የማተሚያው ማሽን፣ ሁለት የደከሙ አበባዎችና የፀሐፊዋ ጃንጥላ ተደርድረዋል።

ፀሐፊዋ ቢሮው ሲከፈት አብራው የተከፈተች ናት፤ ሁሉም እትዬ ይላታል።

«ጉማሬ ነበረን፣ ቀጭኔ ነበረን» አለች ለፌንጣ ሻይ እያቀረበች። «አሁን ፌንጣ ተጨመረችልን። በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቆርጥ ብቻ ነው የጎደለን።»

ፌንጣ ቀጭኔን ታስታውሰዋለች። የአጎቷ የሥራ ባልደረባ፣ ሕፃናትን ለመሳም ሲያጎነብስ እንደ አናጢ ሜትር የሚታጣጠፍ ረጅም ሰው። ቢሮውን የከፈቱት ሁለቱ ነበሩ። ከዚያ እሷ ሩቅ አገር ሳለች ቀጭኔ ከቢሮው መውጣቱን በስልክ ሰማች፤ እንደ ማንኛውም የሩቅ ወሬ «ውይ» ብላ አለፈችው።

ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ነገር ዓይኗን ሳበው። አጎቷ ወደ ማታ ሲሆን ሥራውን የሚያቆመው መስመሩ ሲያልቅ አይደለም፤ መሀሉ ላይ ነው። ግድግዳ እየሳለ ከሆነ ግድግዳውን ከወገቡ ቆርጦ ይተወዋል። ከዚያ በወረቀቱ ጥግ በትንሹ ይጽፋል፦ «በሩ ላይ ቆሜያለሁ።» ወይም «መስኮቱ እምቢ ብሎኛል።» ከዚያ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል።

«እርጅና ነው እንዴ?» ብላ እትዬን ጠየቀቻት።

«ምን እርጅና ነው! ድሮም እንዲህ ነው» አለች እትዬ። «ጋሼ ጠዋት አይሆንለትም፤ እስከ ረፋድ ድረስ ሰው አይደለም። ማታ ማታ ነው እጁ የሚፈታው። ቀጭኔ ደግሞ ከዶሮ ጋር የሚነሳ ሰው ነው። እና ይሄኛው ማታ ጥሎት የሚሄደውን ያኛው ጠዋት ገብቶ ያነሳዋል። ስለ ሥራው አይነጋገሩም፤ ያቺ ማስታወሻ ናት ወሬያቸው። ቀጭኔ መልስ ጽፎ አያውቅም። መልሱ መስመሩ ነው፤ ከቆመበት ይቀጥለዋል።»

«አሁን ታዲያ ለማን ነው የሚጽፈው?»

«እንጃ። እጁ ለምዶ ይሆናላ።» እትዬ ጃንጥላዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ስሚ፣ ይሄ ዌብሳይት ለደንበኛ እንዳይመስልሽ። የቀጭኔን ልጅ፣ ፋርማሲስቷን፣ በቀደም መንገድ ላይ አገኘኋት። አባቷ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ በስልኩ የዓለምን ሕንፃ ሲያይ ይውላል አለችኝ። እኔም ይቺን ወሬ ለጋሼ አቀበልኩ። በነጋታው አንቺ ተጠራሽ።»

ፌንጣ ይህን ከሰማች በኋላ ሥራው ሌላ ሆነባት። ገጹን የሚከፍተው ሰው ፊት አገኘ፤ ረጅም፣ ብቻውን ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ስልክ የያዘ ሰው። ጉማሬ አፉ አይናገርም እንጂ ወዳጁን መልሶ ሊጠራ ነው የፈለገው። የሚጠራበትም በር እሷ የምትሠራው ገጽ ሆኗል።

ችግሩ ያ ባዶ ቦታ ነበር። ድረ ገጹን የጀመረችው እዚያ ሩቅ አገር ከለመደችው ዝግጁ ቅርጽ ነው፤ ያ ቅርጽ በእያንዳንዱ ሕንፃ ሥር የነዳፊውን ስም ይጠይቃል።

«የትኛው ያንተ ነው? የትኛው የእሱ?» ብላ አጎቷን ጠየቀችው።

«አናውቅም።»

«እንዴት አታውቁም?»

«አናውቅም ማለት አናውቅም ነው። የቢሮውን ስም ጻፊና እለፊው።»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ የነደፈውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል። እዚያ ቢሆን...»

«እዚያማ እዚያ ነው» አለና ላጲሱን ፈለገ።

እዚያ ግን በፌንጣ ላይ አንድ ነገር ደርሶ ነበር። የአንድ ቤተ መጻሕፍት መስኮት ነድፋ ነበር፤ ልጆች ገብተው ተኮራምተው የሚያነቡበት፣ እንደ ኪስ ከግድግዳው ወጣ ያለ መስኮት። ሥራው በመጽሔት ሲታተም ከሥሩ የተጻፈው ስም የሷ አልነበረም። ያን ዕለት ሆድ ይፍጀው ብላ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ግን ስም የሌለው ሥራ ስታይ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም። እና አጎቷ «አናውቅም» ሲላት፣ ደግ ሆኖ ሳይሆን ዳተኛ ሆኖ ታያት። ቀጭኔ የወጣው ምናልባት ስሙ ስላልተጠራ ቢሆንስ?

ስለ አወጣጡ የሚወራውም ይህን ያጠናክር ነበር። ወሬው በአጭሩ ይኸው ነው፦ ክሊኒኩ መሀሉ ላይ ዛፍ ያለበት፣ ከመተላለፊያው ዝቅ ያለ ውስጠኛ ግቢ ነበረው። በሽተኛው ወደ ግቢው በሚያወርደው ሰፊ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በጥላ ሥር ተራውን ይጠብቃል። አገር ያደነቀው ግቢ ነው። ከጊዜ በኋላ ባለቤቱ ግቢው ተደፍኖ ሱቅ ይሁንልኝ አለ፤ ጉማሬ እሺ ብሎ ነደፈለት፤ ቀጭኔ «ግቢዬን ደፈነብኝ» ብሎ እርሳሱን ይዞ ወጣ። ሰው የሚለው እንዲህ ነው። ጉማሬም አላስተባበለም።

ፌንጣ የድሮዎቹን ጥቅሎች ከመደርደሪያ አውርዳ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የሁለቱን እጅ መለየት ከባድ አልነበረም። የጉማሬ እርሳስ ለስላሳ ነው፤ መስመሩ ወፍራምና ጥቁር፣ ክንዱ ባለፈበት ሁሉ የሚደበዝዝ። የቀጭኔ ጠንካራ ነው፤ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ንጹሕ፣ ግራጫ። ጥቁሩን ለጉማሬ፣ ግራጫውን ለቀጭኔ እያለች ቤቶቹን አከፋፈለቻቸው። የክሊኒኩ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነበር። እንግዲህ ወሬውም እርሳሱም ተስማሙ ማለት ነው። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ደረጃው ላይ የተቀመጠችበትን የድሮ ፎቶግራፍ አገኘችና በድረ ገጹ መግቢያ ላይ በትልቁ አደረገችው። ከሥሩም የቀጭኔን ሙሉ ስም ጻፈች። ስትጽፈው የራሷ መስኮት የተመለሰላት ያህል ደስ አላት።

ከዚያ ለአጎቷ ሳታሳይ፣ የሙከራውን ገጽ ሊንክ ለፋርማሲስቷ ላከችው። በልጅነታቸው አብረው ሲዘሉ ያደጉ ናቸው። «አባትሽ ይይልኝ። ለጋሼም ሰርፕራይዝ ነው» ብላ ጻፈችላት።

በማግስቱ ፋርማሲስቷ ደወለች።

«ምን አድርገሽብኝ ነው አንቺ?»

«ምን ሆነ? አልወደደውም?»

«አየው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ስልኩን አጠፋና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ምሳ ና ብለው እምቢ። ምን ሆንክ ብለው፣ 'ጉማሬ በመጨረሻ ልጁን ካደ' አለኝ። ሌላ አልተነፈሰም።»

ፌንጣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከጠረጴዛው ማዶ ስትሰማ የነበረችው እትዬ ነገሩ ገባት፤ ቢያንስ ፌንጣ መሳሳቷ ገባት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ቀስ ብላ። «በይ ተነሺ። ሂጂና እግሩ ላይ ውደቂ። ጋሼ ከመምጣቱ በፊት።»

ቀጭኔ የሚኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በሩን ሲከፍትላት ካቻቢቴ በእጁ ይዞ ነበር፤ ወጥ ቤት የመሳቢያ ሐዲድ እያጠበቀ ነው ያገኘችው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው። ሊስማት ሲያጎነብስ እንደ ድሮው ታጠፈ።

«ፌንጢት! አድገሻል አልልሽም፤ ድሮም ትዘይ ነበር፣ አሁንም መዝለል ላይ ነሽ።»

«ጋሽ ቀጭኔ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም።»

«ሳያውቁ የሚጠይቁት ይቅርታ ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ይሆናል» አለና ወንበር ሳበላት። «ምንም አላጠፋሽም። የሰው ልጅ አምጥተሽ ደጄ ላይ አስቀመጥሽ እንጂ።»

«የማን ልጅ?»

«የጉማሬ ነዋ። ግቢው የሱ ነው።»

ፌንጣ አላመነችውም። «ወረቀቱን አይቼዋለሁ እኮ። ከዳር እስከ ዳር የእርስዎ እጅ ነው።»

ቀጭኔ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። 

«አንድ ቀን ጠዋት ገባሁ። እሱ ማታ ሲሠራ አምሽቷል። ክሊኒኩ ያኔ ዝም ብሎ ኮሪደር ነበር፤ ግራና ቀኝ ክፍል፣ አለቀ። ወረቀቱን ስገልጠው ጉማሬ የኮሪደሩን መሀል ከፍቶታል። ባዶ ቦታ፣ አንድ ዛፍ። ማንም አላዘዘውም። እጁ ወረቀቱን ሁሉ አጥቁሮታል፤ ሰው ቢያየው ከሰል የፈሰሰበት ይመስለው ነበር። እኔ ያን ጠዋት ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ መስመር ሳልጨምርበት ረፈደብኝ። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። የኔ ሥራ ያ ነው። ፊቱን አጠብኩት እንጂ አልወለድኩትም።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ...»

«ሰው ሁሉ ቀጭኔ ግቢው ተደፍኖበት አኩርፎ ሄደ ይላል። የኔ ቢሆን አልሄድም ነበር። የኔ ቢሆን እጣላለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ማታ ታርቀን እንገባለን። የሱ ነው። ባለቤቱ መጥቶ ሱቅ አርጉልኝ ሲለው፣ በዚያው እርሳስ፣ በዚያው ወንበር ተቀምጦ የራሱን ልጅ ሲያንቅ አየሁት። የሠራተኛ ደመወዝ ነበረበት፤ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ቆሜ ማየት ግን አልቻልኩም። ወጣሁ።» መሳቢያውን ሳብ አድርጎ መለስ አደረገው። «ከዚያ ወሬው የቀጭኔ ግቢ ነው ሲል እሱም ዝም አለ። ገባኝ። የሌላ ሰው ነበር ካለ ለሌላ ሰው ማዘን ይችላል። ለራሱ ማዘን ነው የከበደው። አሁን ደግሞ በስሜ ተጽፎ ሳየው፣ አዬ ጉማሬ፣ ጨርሶ ካደው አልኩ።»

«እሱ አይደለም የጻፈው። እኔ ነኝ። አላየውም እንኳን።»

ቀጭኔ ዓይኑን አነሳ። ለአፍታ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ፈታ ያለ መሰለ፤ ተመልሶም ታሰረ።

«እንግዲያው ስሜን አውርጂልኝ» አላት። «የሱን ጻፊበት።»

ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገች። በሩ ላይ ሲሸኛት ግን ጠያቂው እሱ ሆነ።

«አሁንም መስመሩ መሀል ላይ ነው የሚያቆመው?»

«አዎ። ማስታወሻም ይጽፋል።»

«ምን ብሎ?»

«በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መስኮቱ እምቢ ብሎኛል። እንዲህ እንዲህ።»

«መስኮት ድሮም እምቢ ይለዋል» አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ፌንጣ ወደ ቢሮው የተመለሰችው በእግሯ ነው። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ግን ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልሆነላትም። እዚያ ሩቅ አገር ስሟን የወሰዱባት ሰዎች ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ስማቸውን አንዱ ለሌላው የሚገፋፉ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። የትኛውን መሆን እንደምትመርጥ አላወቀችም። ለየትኛውም ያልተበጀች መሰላት።

ጉማሬ እርሳስ እየቀረጸ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ገጹንም፣ ሊንኩንም፣ ስሙንም። ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን መቅረጹን አላቋረጠም፤ የእርሳሱ ጫፍ እንደ መርፌ ከሾለ በኋላ እንኳ ቀጠለ።

«ፊቱን አጠብኩት አለ?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ። አልወለድኩትም አለ።»

ትከሻው ተነቃነቀ፤ እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ድምፅ አልነበረውም።

«ውሸቱን ነው። አይዋሽም ሲሉት! ደረጃውስ?»

«የቱ ደረጃ?»

«ያ ሰው የሚቀመጥበት። እኔ ደረጃ አልሳልኩም። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ግቢው ዝቅ ብሏል፤ እኔ ማታ ደክሞኝ መውረጃውን ሳላገኝለት ሄድኩ። 'ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ' ብዬ ጻፍኩለት። ጠዋት ስመጣ ደረጃው ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። መውረጃ ብቻ አይደለም፤ መቀመጫ፣ መጠበቂያ፣ ልጅ ማጥቢያ። ደረጃ የሌለው ግቢ ምንድነው? ጉድጓድ ነው። እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ግቢ ያደረገው እሱ ነው።»

«ታዲያ የማን ነው ጋሼ?»

«አናውቅም አላልኩሽም?»

ፌንጣ ላፕቶፗን ከፈተች። የቀጭኔን ስም ከክሊኒኩ ሥር አጠፋች፤ የአጎቷን ስም ግን አልጻፈችበትም። ትንሽ አሰበችና «ንድፍ፦» የሚለውን ቃል ራሱን ከዚያ ገጽ፣ ከዚያም ከሌሎቹ ገጾች ሁሉ አነሳችው። ዝግጁው ቅርጽ ስም ካልተሰጠው በቀር እሺ አይልም ነበርና ቅርጹን ሰብራ እንደገና ሠራችው፤ ያም ቀናት ፈጀባት። ባዶው ቦታ ሲጠፋ ፎቶግራፉ ሰፋ። ሴትዮዋና ሕፃኑ፣ ደረጃውና የዛፉ ጥላ ብቻ ቀሩ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«አሁን ቤት መሰለ» አለች። «በፊት የመቃብር ድንጋይ ነበር፤ በየሥሩ ስም።»

በዚያው ሰሞን ጉማሬ የታዘዙትን ሥራዎች ገፋ አድርጎ የክሊኒኩን ወረቀት አውጡልኝ አለ። ስስ ወረቀት ከላዩ ደርቦ መሳል ጀመረ። ሱቆቹን ከመሀል አንስቶ ወደ መንገዱ ዳር እያወጣቸው ነበር።

«ባለቤቱ አዘዘ እንዴ?» አለችው እትዬ።

«አላዘዘም።»

«እና ማን አዘዘዎት?»

«ማንም።»

እትዬ ፌንጣን አየቻት፤ ፌንጣ እትዬን አየቻት። ከዚያ ሁለቱም ተነሡ። ማተሚያ ማሽኑን ወደ መስኮቱ ሥር አዛወሩት፣ አበባዎቹን መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው፣ እትዬም ጃንጥላዋን በር ኋላ ሰቀለችው። የጠረጴዛው ሌላኛው ወገን፣ የድሮው የቀጭኔ ቦታ፣ ከስንት ዘመን በኋላ እንጨቱ ታየ። ጉማሬ ቀና ብሎ አየውና ወደ እርሳሱ ተመለሰ።

ድረ ገጹ በተከፈተ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም፣ ከታች መስታወት ቆራጩ መዝጊያውን እየሳበ ሳለ፣ ጉማሬ እርሳሱን አስቀመጠ። ፌንጣ ከትከሻው በላይ አየች። ባዶው ግቢ ተመልሷል፤ ዛፉም። የግቢው ጠርዝ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ወደ ታች ጀምሮ፣ መሀል አየር ላይ ቆሟል። ከወረቀቱ ጥግ በትንሹ ተጽፏል፦ «ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።»

ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ጣቶቹ ለዚያ ትንሽ ቁልፍ ትልቅ ናቸው።

«ፎቶ አንሺና ላኪለት።»

አነሳችው። የቀጭኔ ቁጥር ከነስሙ እዚያው ነበር፤ ያ ሁሉ ዘመን አልተሰረዘም።

«ከሥሩ ምን ብዬ ልጻፍ? የድረ ገጹን ሊንክ ላያይዝ? ስሙ እንደወረደ ልንገረው? ይቅርታ የሚል ነገር...»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ።»

«አይበቃም ጋሼ። ሰው እኮ...»

«ለሱ ይበቃዋል።»

ጻፈች፦ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። አውራ ጣቷ ከመላኪያው ምልክት በላይ ቆየ። ነገሩ ሁሉ በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ማረፉ አስፈራት። እሷ ብትሆን ረጅም አድርጋ ትጽፈው ነበር፤ ረጅም አድርጋ ጽፋ ደግሞ አትልከውም ነበር። ይቺን ላከቻት።

ጥቂት ቆይቶ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ።

«አይቶታል» አለች።

ጉማሬ ኮቱን እየለበሰ ነበር። «መልስ አትጠብቂ» አላት። «ጠዋት ነው የሚሠራው።» የቢሮውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሲወርድ ለመስታወት ቆራጩ ሰጠው፤ ቀድሞ የሚመጣ ሰው ካለ እንዲከፍትለት።

በማግስቱ ፌንጣ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ቁልፉ መስታወት ቆራጩ ዘንድ ነበር። ወረቀቱ ማታ እንደተተወ ነው፤ ጥቁሩ መስመር እዚያው አየር ላይ ቆሟል። ላፕቶፗን ከፍታ በጉማሬ ወገን ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከፊት ለፊቷ ያለውን ወገን ማንም እንዳይነካው ነገሩን ሁሉ ወደ ራሷ ሰበሰበች። ረፋዱ ላይ ጉማሬ እያለከለከ ወጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ በስስ ፕላስቲክ ሸፈነው፣ ሌላ ሥራ አወጣ። ማታ ላይ ሲወርድ ቁልፉን ለመስታወት ቆራጩ ሰጠ። ከዚያም ወዲያ በየማታው እንዲሁ ሰጠ። በስልኩ ላይ ከዚያች መልእክት ሥር ሌላ መልእክት አልገባም፤ ቀጭኔ ድሮም መልስ የሚሰጠው በመስመር ነው።